ተጂ የሌለችበት መጽሐፍ

ጡረታ የወጣሁ ዕለት የሱሉልታ እንስሳት ክሊኒክ ባልደረቦቼ ጋቢ አለበሱኝና አንድ ብዕር እጄ ላይ አኖሩ። «ጋቢው ለብርዱ፣ ብዕሩ ለመጽሐፉ» ብላ ጸሐፊያችን ስትቀልድ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔ አልሳቅሁም። ዕድሜ ልኬን ከብት ሳክም፣ ገበሬ ደጃፍ ላይ ቦት ጫማዬን ሳጥብ፣ «ይህንን አንድ ቀን እጽፈዋለሁ» ስል ኖሬያለሁ፤ ያልሰማኝ ሰው አልነበረም። ብዙ የሚያወራና ምንም የማይሠራ ሰው እኔ ራሴ አልወድም። በዚያው ክረምት ተቀምጬ ጻፍኩት።

መጻፉስ አልከበደኝም። ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን፣ የሠራሁባቸውን ሦስቱንም ከተሞች፣ ላሞቻቸውን ከነባለቤቶቻቸው ዘረገፍኳቸው። ዋናው መንገድ ዳር ካለ ጽሕፈት ቤት በኮምፒውተር አስተየብኩና ወፍራሙን ጥራዝ አቅፌ አዲስ አበባ አንድ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። የተቀበለኝ ሰው ገለጥ ገለጥ አደረገና መልሶ ሰጠኝ።

«እናቴ፣ መጀመሪያ ራስዎ ያርሙት» አለ።

«እናንተ አርታኢ የላችሁም?» አልኩት።

«አለን። ግን አርታኢ የሚያርመው የጻፉትን ነው። ያልጻፉትን ከእርስዎ በቀር ማን ያውቃል?»

ተናድጄ ወጣሁ። ለምን እንዳናደደኝ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ማረም ማለት ፊደል መልቀም መስሎኝ ነበር። ቀይ ብዕር ገዛሁ፣ ጠረጴዛዬን ወለወልኩ፣ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመርኩ። አንዱን ቃል ሰርዤ ሌላ እጽፋለሁ፣ የሰረዝኩትን እመልሳለሁ፣ በጎን በኩል እጨምራለሁ፣ በቀስት እስበዋለሁ። ገና ምንም ሳልራመድ ወረቀቱ የታረደ በግ መሰለ። ምን እንደምፈልግ ሳላውቅ እየወጋሁት ነበር። ብዕሩን አስቀምጬ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ የመጀመሪያው አለቃዬ ኦቦ ደበላ ትዝ አሉኝ። ሰበታ ላይ በመጀመሪያው የሥራ ቀኔ የጮኹብኝ ጩኸት ነው ትዝ ያለኝ።

የአዲስ አበባ ልጅ ነኝ። ሰበታ ስመደብ ገና ከሥልጠና መውጣቴ ነበር፤ ኦሮምኛ አንዲት ቃል አላውቅም፤ ነጭ ጋውኔ ግን ተተኩሷል። የክሊኒኩ ኃላፊ ኦቦ ደበላ ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ ሰው ነበሩ። በዚያን ቀን መብላት ያቆመች ላም አለች ተብለን ከተማው ጠርዝ አንድ ገበሬ ቤት ሄድን። እኔ ሙቀት መለኪያዬን ይዤ እየሮጥኩ ወደ ግቢው ልገባ ስል፦

«ቁሚ!» አሉ ከኋላዬ።

«ላሟ እኮ ታማለች፣ ኦቦ።»

«እሷ የትም አትሄድም። ከነካሻት በኋላ የምታዪያት ላም ግን ሌላ ላም ናት። መጀመሪያ ሳትነኪያት ያለችውን እያት።»

በሩ ጋ ቆሙ። ከባለቤቱ ጋር «አከም ቡልተን? ነጋ?» እየተባባሉ ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ፤ ስለ ገብሱ አወሩ። ዓይናቸው ግን ከግቢው አይነቀልም። ላሟ ክብደቷን የጣለችበትን እግር፣ ጆሮዋን፣ እበቱን፣ ግርግሙን ሁሉ ከደጃፍ አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «እበቱ የሁለት ላም ነው፤ አንዷ የለችም» አሉ። ሰውየው አንገቱን ደፋ። ከጓሮ፣ ከድርቆሹ ክምር ኋላ፣ መነሣት ያቃታት ሁለተኛ ላም ተኝታ ነበር፤ ሰውየው ማንም እንዲያያት አልፈለገም።

ስንመለስ እንዲህ አሉኝ፦ «በሽተኛዋ ብዙ ጊዜ ከፊትሽ የቆመችው አይደለችም። ከፊትሽ የሌለችውን ፈልጊ።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። እንደደረሱ «መብላት ያቆመችው መቼ ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ሥራቸውን ጨርሰው፣ እጃቸውን እስከ ክርናቸው በሳሙና ታጥበው፣ ተሰናብተው፣ በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው ያንኑ ጥያቄ እንደ አዲስ ይደግሙታል። መልሱ ብዙ ጊዜ ሌላ ይሆናል። መጀመሪያ ያፈርኩባቸው አርጅተው የረሱ መስሎኝ ነበር። «የመጀመሪያው መልስ ለእንግዳ ነው» አሉኝ፤ «ሁለተኛው ለዘመድ።» እውነትም በአገራችን እንግዳ ሲመጣ ቤት ቢቃጠልም «ደህና ነን» ነው የሚባለው።

የሕመም ወረቀት ላይም ቁጥብ ነበሩ። እኔ ገጹን ሞልቼ ሳቀርብላቸው መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ያዩኛል። «ይህን ሁሉ የጻፍሽው በሽታውን ስላላገኘሽው ነው። ስታገኚው ያጥራል።»

ይህንን ሳስታውስ ቀዩን ብዕር መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ጥራዙን ሳልነካ፣ በሩ ላይ እንደቆመ ሰው፣ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ያየሁት አላስደሰተኝም። መጽሐፉ እስኪጀምር ድረስ ስንት ገጽ ነው! መወለዴ፣ ትምህርት ቤቴ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ የምላቸው አለቆች ዝርዝር፣ የእንስሳት ሀብት ለአገር ያለው ጥቅም። አንባቢው ላሚቱን ሊያይ መጥቶ እኔ አጥሩን አስጎበኘዋለሁ። ያንን ሁሉ አወጣሁት። እናቴን የሚያነሣ አንድ ገጽ አብሮ ሲወጣ አለቀስኩ። ግን እናቴ ከብት ፈርታ ክሊኒኬን አንድ ቀን ረግጣ አታውቅም፤ እዚያ ምን ልታደርግ ትገባለች?

ቀጥሎ ያገኘሁት በሽታ የቡራዩ ነው። ወደ ቡራዩ የተዛወርኩት ከተማው ወደ ገበሬው ግቢ መጠጋት በጀመረበት ጊዜ ነው። በሁለት ቪላዎች መካከል አንዲት ላም ትታሰራለች፤ ጎረቤት ስለ ሽታው ይከሳል፤ ባለላሟ «ከእናንተ በፊት እሷ ነበረች» ትላለች። እዚያ የነበሩት ኃላፊ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከላም ይልቅ ሪፖርት ይወዱ ነበር እንጂ። ለእሳቸው የጻፍኩት ቋንቋ ውስጤ ገብቶ ኖሮ መጽሐፌን ስገልጥ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «ከባለቤቶቹ ጋር በተቀናጀ መልኩ በተደረገ ርብርብ ጥጃዋን በሕይወት የማውጣት ተግባር ተከናውኗል።»

በእግዚአብሔር! ያቺን ጥጃ እኮ እኔ ነኝ ያወጣኋት። አንድ የፊት እግሯ ወደ ኋላ ታጥፎ፣ ራሷ ብቻ የማሕፀኑ በር ላይ ደርሶ፣ ላሟ ከማለዳ ጀምሮ ስታምጥ ነበር። የጥጃዋን ራስ ቀስ ብዬ ወደ ውስጥ መለስኩት፤ ላሟ ስታምጥ ዝም እላለሁ፣ ስታርፍ እጄን አስገባለሁ። ክንዴን እስከ ትከሻዬ አስገብቼ ትንሿን ሰኮና በመዳፌ ሸፈንኳት፤ ካልሸፈኗት ማሕፀን ትቀድዳለች። እንደዚያ ሸፍኜ አዞርኳት። የቤቱ እመቤት የላሟን ጭራ ይዛ በሁለት ቋንቋ ማርያምን ትጠራለች። ጥጃዋ ወጥታ መሬት ላይ ወደቀች፣ ዝም አለች፣ አፍንጫዋን በጭድ ስነካካት አስነጠሰች። ይህ ሁሉ የት ሄዶ ነው «ተግባር ተከናውኗል» ብቻ የቀረው?

ከዚያ በኋላ በየገጹ «ተከናውኗል» እና «ባለድርሻ አካላት» ሳድን ብዙ ሳምንት ፈጀሁ። በየቦታው «ማን?» እያልኩ እጠይቃለሁ። ማን ያዘ? ማን ጎተተ? ማን አለቀሰ? ዓረፍተ ነገሩ መልስ ከሌለው እሰርዘዋለሁ። ለመጻፍ ከፈጀብኝ ጊዜ ይልቅ ይህ ረዘመብኝ፤ አንዳንዱ ቦታ ላይ ደግሞ ያደረገው ሰው ጠፍቶኝ ስልክ ደውዬ ጠይቄያለሁ።

ሥራዬን የጨረስኩት ሱሉልታ ላይ ነው፤ የወተት አገር። መጽሐፉ ውስጥ በስም ላነሣኋቸው ሰዎች የጻፍኩትን ራሴ ላነብላቸው የወሰንኩትም እዚያው ነው። መጀመሪያ የሄድኩት አዴ ጫልቱ ጋ ነበር። አዴ ጫልቱ ባላቸው ከሞተ በኋላ ልጆቻቸውን በወተት ያሳደጉ ሴት ናቸው። ስለ እሳቸው የጻፍኩት ምስጋና ብቻ ነው፤ ይደሰታሉ ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። ጀምሬ፣ ስንት ላም እንዳላቸውና ከእያንዳንዷ ጠዋትና ማታ ስንት ሊትር እንደሚታለብ ሳነብ፣ ፊታቸው እየጨለመ ሄደ።

«አቁሚ» አሉኝ። ተነሥተው በረቱን ዘጉ። «ላሞቼን ቆጠርሽብኝ?»

«ለምስጋና እኮ ነው፣ አዴ።»

«እኔ ወተቴን ከቤት እስከ መንገድ ሸፍኜ የማወጣው ለምን ይመስልሻል? አንቺ ክዳኑን አንሥተሽ ለአገር ሁሉ ልታሳዪ ነው። ይኼን ያህል ዓመት ግቢዬ ስትገቢ አንድ ቀን 'ስንት ናቸው' ብለሽ ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ኦቦ ደበላም ጠይቀው አያውቁም፤ ከብት አይቶ ማወቅ እንጂ ባለቤቱን ማስቆጠር ነውር መሆኑን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ወረቀት ላይ ስቀመጥ ግን የግቢውን ጠባይ ረስቼ የቢሮ ሰው ሆንኩ። እዚያው ፊታቸው ቁጥሮቹን በሙሉ ሰረዝኩ። አዴ ጫልቱ ስሰርዝ ቆመው ጠበቁኝ። በኋላ ለስለስ አሉና «ስለኔ መጻፍ ካለብሽ ስለ ቀዪቱ ጻፊ» አሉ፤ «ስለ ሞተችዋ። የሞተ ከብት ዓይን አይነካውም።» ስለ ቀዪቱ ጻፍኩ። የሱሉልታ ምዕራፍ ዛሬ ጥሩ ከሆነ በእሷ ነው።

እንግዲህ የቀሩት ኦቦ ደበላ ነበሩ። ሆን ብዬ ነው ለመጨረሻ ያቆየኋቸው። ስለ እሳቸው የጻፍኩት ምዕራፍ ከሁሉ ይረዝማል፤ እኔም የምወደው እሱን ነው። አሁን ቡራዩ፣ ከታ ሰፈር፣ ልጃቸው ግርማ ቤት ነው ያሉት። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ ልባቸውም ደክሟል። ሐኪሞቹ ለግርማ የነገሩትን ግርማ በስልክ ነግሮኛል፤ ብዙ ጊዜ እንደሌለን አውቅ ነበር።

ሳሎኑ ውስጥ ብርድ ልብስ ተከናንበው ተቀምጠዋል። እጄን ይዘው ጣቶቼን ዳሰሱና «ከብት መንካት ትተሻል፣ ለስልሷል» አሉኝ። ከዚያ ወዲያው፦

«ተጂን ጻፍሽ?»

«ጽፌያለሁ፣ ኦቦ።»

ዋሸሁ ማለት አይቻልም። «ተጂ ድረስ ሄደንም ከብት ከትበናል» የሚል አንድ መስመር ነበረ። ምዕራፉን አነበብኩላቸው። በሩ ላይ መቆማቸው አለ፣ ሁለት ጊዜ መጠየቃቸው አለ፣ ትሕትናቸው፣ ትዕግሥታቸው፣ አንድ ነገር አልቀረም። ግርማ ሶፋው ጫፍ ላይ ሆኖ በኩራት ይሰማል። እሳቸው እስከ መጨረሻው አዳመጡ፣ ስጨርስ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። ልወጣ ስነሣ በግርማ ክንድ ተደግፈው እስከ በሩ ሸኙኝ። እዚያ ቆሙ።

«ዘነበች፣ ተጂን ጻፍሽ?»

የሚያዩ ይመስል ፊታቸውን ወደ እኔ አቅንተዋል። መሬት መሬት አየሁ።

«አልጻፍኩም» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰበታ በምንሠራበት ጊዜ ከሰበታ ወዲያ ካለችው ከተጂ ከተማ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ባለ አንድ መንደር የከብት ሳንባ በሽታ ተሰግቶ ክትባት ታዘዘ። እኔ ያን ዕለት ክሊኒኩን ልጠብቅ ቀረሁ፤ ኦቦ ደበላ መድኃኒቱን በበረዶ ሣጥን ይዘው ሄዱ። ከተጂ ወዲያ መንገዱ ጥቁር ጭቃ ነበር። መኪናው ተያዘ፤ ሲገፉ አረፈዱ። ሲደርሱ ፀሐዩ አናት ላይ ወጥቶ በረዶው ቀልጧል። ያ መድኃኒት ሙቀት ከገባው ውኃ ማለት ነው። ይህንን ደግሞ ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ነገር ግን ሰዉ ከየጎጡ በሬውን ነድቶ ከማለዳ ጀምሮ ቆሟል። ከብቶቹ በአጣና በተሠራው መተላለፊያ ተሰልፈዋል። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ተቀበሏቸው፤ አንዲት ሴት እርጎ አቀረበችላቸው። «እንዴት ብዬ በባዶ እጃችሁ ተመለሱ ልበላቸው?» አሉኝ በኋላ። ይሉኝታ ያዛቸው። ከተቡ።

ሰዉም ተከትቧል ብሎ በሬውን ከገበያ ከመጣ ከብት ጋር ቀላቀለ። በሽታው ሲገባ አብሬያቸው ሄጄ አይቻለሁ። በሬዎቹ አንገታቸውን ዘርግተው፣ የፊት እግራቸውን ከፈት አድርገው፣ አየር ይለምናሉ። እርሻው ደርሶ ነበር። አንድ ገበሬ ቀንበሩን መልሶ ግድግዳው ላይ ሲሰቅል አየሁ፤ ያ እስከ ዛሬ አይወጣልኝም። ኦቦ ደበላ ስንመለስ መኪና ውስጥ በረዶው መቅለጡን ነገሩኝ። ለሌላ ሰው አልተናገሩም። ከዚያ ወዲህ በዚያ መስመር ሥራ ሲመጣ ሌላ ሰው ይልካሉ፤ ተጂን ደግመው አልረገጡም።

ይህንን ነው ያልጻፍኩት። ማን የመምህሩን ገመና ይገልጣል? እኛ ዘንድ መምህር ይሸፈናል። ሰንፌ ወይም ረስቼ አልነበረም፤ አክብሬያቸው ነው።

ግርማ እዚያው በሩ ላይ ታሪኩን ከአባቱ አፍ ሰማ። የመጀመሪያ ጊዜው ነበር።

«እትዬ ዘነበች፣ ይህማ አይጻፍም» አለ። «አባቴ ስሙ በደግ የሚነሣ ሰው ነው። ለእኛ የሚተወው ይህንኑ ነው። በመጽሐፍ ልታዋርዱት ነው?»

«እኔም እኮ ይህንኑ ብዬ ነው የተውኩት» አልኩ።

ኦቦ ደበላ የግርማን ክንድ ለቀው የበሩን መቃን ያዙ። «ወተት የምንሸፍነው ደህናውን ነው» አሉት። «የተበላሸውንም ሸፍነህ ለልጆችህ ታጠጣለህ?» ወደ እኔ ዞሩ። «ያኔ እኔን ይሉኝታ ያዘኝ፣ በሬ ገደለ። አሁን ደግሞ አንቺን ይዞሻል። የምትጽፊው ለማን ነው? ነገ አንዲት ልጅ በረዶው ቀልጦባት፣ ሰዉ ተሰልፎ ሲጠብቃት፣ ደበላ ጎበዝ ነበር የሚለው ወሬ ምን ይረዳታል?»

ደከማቸውና ግርማ ደግፎ አስገባቸው። እኔ እስከ ሱሉልታ ድረስ በታክሲው መስኮት እያየሁ ምንም አላየሁም። ስንት ወር ሳርም ስቆርጥ የከረምኩትን መጽሐፍ አሰብኩት። የጻፍኩትን ሁሉ አክሜያለሁ። ከጓሮ የተኛችውን ግን ዐውቄ ተውኳት፤ ማተሚያ ቤት ያለው ሰው የነገረኝ ይህንኑ ነበር።

ተጂን ጻፍኩ። የመጀመሪያው ረቂቅ ምክንያት የሞላበት ነው። ጭቃው አለ፣ አሮጌው መኪና አለ፣ የሰዉ ድካም አለ፤ ኦቦ ደበላን ለማየት እነዚህን ሁሉ መግፋት ያስፈልጋል። በሚቀጥለው ጊዜ ምክንያቶቹን አንድ ባንድ አወጣኋቸው። ጭቃውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አስቀረሁት። «በረዶው ቀልጦ ነበር። ያውቁ ነበር። ከተቡ።»  በሽታው ሲገኝ ያጥራል ያሉት እውነት ነው። የሆነ ሆኖ የራሴን ደንብ ማፍረስ አልቻልኩም፤ የተጻፈበት ሰው ሁሉ ጽሑፉን መስማት አለበት። በሬዎቹ የሰው ነበሩ።

በሰበታ አድርጌ ተጂ ደረስኩ። ወደ መንደሩ የሚያስገባው መንገድ ጠጠር ለብሷል፤ ባጃጅ ይገባበታል። ቀንበሩን የሰቀለው ገበሬ ኦቦ ቶሎሳ ይባላሉ፤ በጣም አርጅተዋል፤ ግን ደጃቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ማን እንደሆንኩ ነገርኳቸው፣ ወረቀቴን አወጣሁና ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር ወደ ኦሮምኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። «በረዶው ቀልጦ ነበር» የሚለው ላይ ስደርስ ቀና ብዬ አየኋቸው።

ኦቦ ቶሎሳ በትራቸውን መሬት ላይ አንኳኩ።

«እናውቃለን እኮ» አሉ።

«ምኑን?»

«መቅለጡን ነዋ። በፊትም እኮ ተከትቦልናል፣ በረዶ እንደሚፈልግ እናውቃለን። ውኃው ከሣጥኑ ሥር ሲንጠባጠብ እዚህ ያለነው ሁሉ አይተናል።»

«ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?»

«ሰውየው ራሱ ጭቃ ሆኖ፣ መኪና ሲገፋ አርፍዶ መጣ። እንዴት ብለን 'መድኃኒትህ ተበላሽቷል፣ ተመለስ' እንበለው? ነውር አይደለም?»

 ኦቦ ደበላ እነሱን ላለማሳፈር፣ እነሱም እሳቸውን ላለማሳፈር፣ ሁሉም እያወቀ መርፌው ተወጋ። «በጣም አዘናችሁባቸው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«በበሬው? በሬ ይሞታል፣ ልጄ። እኛ ያዘንነው እሱ ሲቀር ነው። ከዚያ በኋላ ላም ስታምጥ የሚመጣልን ሰው ጠፋ። ስንልክበት 'ሌላ ሰው ይመጣል' እንባላለን። ምን በድለነው ነው የቀረው ስንል ኖርን።» ከዚያ ቀና ብለው «በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«አሉ።»

«እንግዲያው ሰላም በይልኝ። ምን አስቀየምንህ ይልሃል ቶሎሳ በይው።»

ባጃጁ ውስጥ ሆኜ አለቀስኩ። ኦቦ ደበላ ያን ሁሉ ዘመን የሸሹት ከማያውቅ ሰው መስሏቸው ነበር።

ቡራዩ ስደርስ ኦቦ ደበላ አልጋ ይዘዋል። ግርማ ሊያስገባኝ አልፈለገም ነበር፤ ድምፄን ሰምተው ጠሩኝ። ግርማ ክንዱን አጣጥፎ በሩ ላይ ቆመ፣ እኔ ምዕራፉን አነበብኩ። አራት ገጽ ብቻ ናት። በረዶው፣ እርጎው፣ ቀንበሩ፣ ከዚያ ኦቦ ቶሎሳ ያሉኝ ምንም ሳልጨምርበት። መንገዱ ጠጠር መልበሱንም ጽፌያለሁ። ስጨርስ ኦቦ ደበላ አንገታቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉ።

«አይተው ነበር?» አሉ።

«አይተው ነበር፣ ኦቦ።»

«ያዘኑት እኔ ስቀር ነው?»

«እንደዚያ ነው ያሉት።»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ሲነቃነቅ አየሁና ወረቀቴን ሰብስቤ ተነሣሁ። የደከመ ሰው ፊት መቆየት ደግ አይደለም። እጄ የበሩን እጀታ ሲይዝ ከኋላዬ ጠሩኝ።

«ዘነበች።»

«አቤት፣ ኦቦ።»

«ያዘኑት ምኑ ላይ ነው ያልሽኝ?»

መልሱን ቀድሞ ሰምተውት እንደነበር ዐውቃለሁ። ለዘመድ የሚሰጠውን መልስ ነው የፈለጉት። ተመልሼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ፣ እጃቸውን ያዝኩ።

«እርስዎ ሲቀሩ ነው ያዘኑት። በሬው ሲሞት አይደለም። ኦቦ ቶሎሳ ምን አስቀየምንህ ብለዋል።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ በሩ መለሱ።

«ግርማ።»

«አቤት፣ አባ።»

«የተጂ ገበያ አሁን በምን ቀን ነው የሚውለው?»

ግርማ እኔን አየኝ። ታመሃል፣ የት ትሄዳለህ ይላቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ክንዱን ፈታና መጥቶ ብርድ ልብሳቸውን አስተካከለላቸው።

«እጠይቅልሃለሁ፣ አባ» አለ። «እትዬ ዘነበች መንገዱ ጠጠር ለብሷል ብለዋል። አሁን መኪና አይይዝም።»